የማንቆርቆሪያው ቅርፊትና የዋሻው ድንጋይ

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ የ5ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ መምህርት ነኝ። ልጆቹን ስለ ዋሻና ስለ ልዩ ልዩ ማዕድናት ጥናት አቅርቡ ብላቸው ከስልክ የተገለበጠ ሁለት ሁለት ገጽ ይዘው መጡ። 48 ልጅ፣ 48 ጊዜ ‹ዋሻ ማለት…›። አንዷ ሐምራዊ ክሪስታል የሞላበት ዋሻ ፎቶ አምጥታ፣ እውነተኛ ይሁን በኮምፒውተር የተሠራ እኔም መለየት አቃተኝ። ቤተ ሙከራ የለንም፤ ዋሻ ልውሰዳቸው ብል ደግሞ ወላጆች ይፈራሉ። እኔ እየመራኋቸው ራሳቸው መርምረው እንዲደርሱበት ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ውድ መምህርት፣

ልጆቹን አይቆጧቸው። «ስለ ዋሻ ጥናት አቅርብ» የተባለ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከመገልበጥ ሌላ የሚያደርገው ነገር የለውም፤ ርዕስ እንጂ ጥያቄ አልተሰጠውም። ዩኒቨርሲቲ የገባውም ቢሆን ያንኑ ነው የሚያደርገው። መቀየር ያለበት ትእዛዙ ነው። በእጁ ይዞ የሚፈትነው ነገር ይሰጠው፣ ያየውን ይጻፍ፣ ንባቡ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ብዙ ትምህርት ቤት የሚሠራው ተገላቢጦሹን ነው፦ መጀመሪያ ይነበባል፣ ሙከራው ጊዜ ከተረፈ ይደረጋል። ጊዜ ደግሞ መቼም አይተርፍም።

እርስዎ ዘንድ የሚፈተነው ነገር ከቤት አይርቅም። ድሬዳዋ ዙሪያዋን የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባትም ያለ ምክንያት አይደለም። የከርሰ ምድር ውሃዋ በዚያ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ካልሲየም ይዞ ይወጣል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው፣ የሻወር ቀዳዳ የሚደፍነው እሱ ነው። እንግዲህ የጥናቱ ጥያቄ እንዲህ ይሁን፦ «ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ያለው ነጭ ቅርፊትና ከዋሻ ጣሪያ የሚንጠለጠለው ድንጋይ አንድ ነገር ናቸው ወይ? በምን አወቃችሁ?» ይህን ቃል በቃል የሚመልስ ገጽ ልጆቹ በቀላሉ አያገኙም። ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው።

48ቱን በስድስት በስድስት ከፍለው ስምንት ቡድን ያድርጓቸው። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ የተፋቀ ቅርፊት በወረቀት ጠቅልሎ ያምጣ፤ የጥፍር ያህል ይበቃል። ለየቡድኑ ከዚህ ሌላ የእንቁላል ቅርፊት፣ ከእምነበረድ ቆራጮች የሚገኝ ስባሪ፣ የሰሌዳ ጠመኔ፣ የገበታ ጨውና ከተሰበረ ጂፕሰም ኮርኒስ ቁራጭ ያዘጋጁ። ሁሉም ለየብቻ በስኒ ማስቀመጫ ላይ ይደረግና በየአንዳንዱ ላይ አምስት አምስት ጠብታ አቼቶ ይፍሰስ። አረፋ ያወጣ፣ ያላወጣ፣ ዘግይቶ ያወጣ ተብሎ ይመዝገብ። አረፋው ካልሲየም ካርቦኔት አሲድ ሲነካው የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ይህን ግን ልጆቹ መዝግበው ከመጨረሳቸው በፊት አይንገሯቸው።

እዚህ ላይ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ጠመኔው ነው። መጽሐፉ «ጠመኔ ካልሲየም ካርቦኔት ነው» ይላል፣ ብዙው የትምህርት ቤት ጠመኔ ግን ከጂፕሰም የሚሠራ ስለሆነ አቼቶ ቢነካውም ዝም ይላል። ልጁ «አልሠራልኝም» ብሎ እንዳይሰርዘው፤ መጽሐፉና እጁ ያልተስማሙበት የመጀመሪያው ቦታ ነውና ይከበብበት። የእንቁላሉ ቅርፊት የውስጥ ስስ ሽፋኑ ተልጦ ካልደረቀ አረፋው ይዘገያል። እምነበረድ ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ ግራናይት ስለሆነ ምንም አያሳይም፤ በምስማር ሲጫሩት የማይጫር ከሆነ ይተዉት። ቅርፊቱ ራሱ ቀስ ካለ ይፈጭና አቼቶው ለብ ይበል።

ሁለተኛው ሙከራ የጥናቱ እምብርት ስለሆነ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይስጡት። የሚያስፈልገው ኖራና አንድ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ ነው።

የኖራውን ውሃ ከአንድ ቀን በፊት እርስዎ ብቻዎን ያዘጋጁ። ኖራው ለግድግዳ ቅብ የተዘጋጀው ዱቄት ይሁን፤ ገና ውሃ ያልነካው ድፍን ኖራ ውሃ ሲያገኝ ስለሚፈላ ክፍል ውስጥ አይግባ። አንድ ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ኖራ ጨምረው ውሃውን እስከ አፉ ይሙሉት፣ በደንብ ነቅንቀው ከድነው ያሳድሩት። አብዛኛው ኖራ ይዘቅጣል፤ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ሁለት ግራም እንኳ አይሞላም። ጠዋት ዝቃጩን ሳያናውጡ ጥርት ያለውን ብቻ ወደ ሌላ ጠርሙስ ያንቆርቁሩት። ይህ ውሃ ዓይን ይጎዳል፣ ቆዳም ይቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ጓንትና መነጽር ያድርጉ፣ ልጆቹ ራቅ ብለው ይመልከቱ እንጂ አይንኩት። በስትሮ እፍ በሉበት የሚል መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያገኙ ይሆናል፤ እፍ ከማለት ይልቅ የሚምግ ልጅ ከ48 መካከል አይጠፋምና ይለፉት።

በክፍል ውስጥ ሩብ ብርጭቆ፣ 50 ሚሊ ሊትር ያህል፣ የኖራ ውሃ ጥርት ባለ ብርጭቆ ይቅዱ፣ ከኋላው ጥቁር ወረቀት ያቁሙ። አምቦ ውሃውን በማንኪያ ይጨምሩ። ከጥቂት ማንኪያ በኋላ ውሃው ወተት ይመስላል፤ በውስጡ የተፈጠረው ነጭ ዱቄት የኖራ ድንጋይ ነው። አብዛኛው መምህር እዚህ ላይ ያቆማል። እርስዎ ይቀጥሉ። ቀስ እያሉ አምቦውን የኖራውን ውሃ ሦስት አራት እጥፍ እስኪሆን ድረስ ሲያፈሱበት፣ ወተት የመሰለው ተመልሶ እየጠራ ይሄዳል። ድንጋዩ ሟሟ ማለት ነው፤ ዋሻ የሚቦረቦረው በዚህ መንገድ ነው። ቀጥለው የጠራውን በትንሽ ድስት ያሙቁት። ጋዙ አረፋ እየሆነ ሲወጣ ውሃው እንደገና ይደፈርሳል፣ የድስቱም ጎን ነጭ ይይዛል። ዋሻ ውስጥ ከጣሪያ የሚንጠለጠለው ስታላክታይትና ከወለል ወደ ላይ የሚያድገው ስታላግማይት የሚሠሩት በዚህ በኋለኛው ደረጃ ነው፤ ልዩነቱ ዋሻ ውስጥ ጋዙ የሚወጣው ያለ እሳት፣ በዝግታ መሆኑ ነው።

አልጠራ ካለ አምቦው ሞቋል ወይም ጋዙ ወጥቷል፤ አዲስ ጠርሙስ፣ ከፍሪጅ በቀጥታ። ጭራሽ ወተት ካልመሰለ ኖራው ክፍት ሆኖ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ አስቀድሞ ወደ ድንጋይነት ተመልሷል። አንድ ንቁ ልጅ «አምቦውስ ራሱ ማዕድን አለው አይደል?» ሊል ይችላል። ልክ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያንብብ፣ ከዚያ አምቦ ብቻውን በሌላ ድስት ይፈላ፤ ጥቂት ነጭ ነገር ሊተው ይችላል። የሁለቱ ድስቶች ልዩነት መዝገብ ላይ ይስፈር። ይህን ጥያቄ ማንም ካላነሳው እርስዎ ያንሱት።

የዝናብ ውሃ አፈር ውስጥ ሲሰርግ የሥርና የብስባሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፣ በድንጋዩ ስንጥቅ እያሟሟ ይወርዳል፣ ዋሻው ጣሪያ ላይ ሲደርስ ጋዙን ይለቅና የያዘውን ካልሳይት (የካልሲየም ካርቦኔት ማዕድን) በጠብታው ዙሪያ እንደ ቀለበት ትቶ ይወድቃል። ቀለበት በቀለበት ላይ ሲጨመር መጀመሪያ የሚወጣው ውስጡ ክፍት የሆነ፣ የጠብታ ውፍረት ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። ልጆች «ውሃው ተንኖ ድንጋዩ ቀረ» ብለው ሲጽፉ ያርሟቸው፤ የጥልቅ ዋሻ አየር እርጥበቱ ወደ መቶ በመቶ የተጠጋ ስለሆነ ትነት እምብዛም ነው። በሁለት ብርጭቆ መካከል ክር ዘርግቶ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ስታላክታይት የማሳደጉ የታወቀ ሙከራም የሚሠራው በትነት ነው። ቅርጹን ለማሳየት ደህና ነው፣ ምክንያቱን ግን ያሳስታል። ጊዜ ከጠበበዎ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ይሁን።

ሒሳብም እዚሁ ይግባ። ስታላክታይት በአማካይ በዓመት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ እንደ ዋሻው ሊፈጥንም ሊዘገይም ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትሯ ማስመሪያቸው ስታላክታይት ብትሆን ስንት ዓመት ይፈጅባታል? 3,000። ታዲያ የማንቆርቆሪያው ቅርፊት ስንት ሚሊ ሜትር ነው፣ ዕቃውስ ከተገዛ ስንት ጊዜው? ቤት ሄደው ይጠይቁ፣ ይለኩ፣ ስንት እጥፍ እንደፈጠነ ያስሉ፣ ለምን እንደሆነም ይገምቱ።

አሁን ንባቡ ይምጣ። ደብተራቸው ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩ፦ ያየሁት፣ ያነበብኩት፣ የገመትኩት። «ያነበብኩት» የሚለው ዓምድ ከየት እንደተገኘ ካልተጻፈ ባዶ ይቆጠር። አንድ ልጅ አንድ አንቀጽ አንብቦ ስልኩን ወይም መጽሐፉን ዘግቶ ይጽፋል፤ ገልጦ መጻፍ ከተፈቀደ መገልበጡ በሁለት ደቂቃ ይመለሳል። ቁጥር ሁሉ ከነመለኪያው፣ ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ወይም ዓ.ም. ተብሎ ይጻፍ። ይህ ካልተደረገ ሁለት ልጆች ሁለቱም ትክክል ሆነው በሰባት ስምንት ዓመት ይለያያሉ፣ እርስዎም አንዱን ያለ ጥፋቱ ያርሙታል።

ምንጭ ማመሳከርን የሚያስተምር ጥሩ ምሳሌ ባሌ ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ የሠራው ነው፤ በ1972 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ አሳሾች ለክተው ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ መተላለፊያ ካርታ ላይ አስፍረዋል። ልጆቹ «በአፍሪካ ረጅሙ ዋሻ» የሚል ጽሑፍ በብዛት ያመጡልዎታል። አልጄሪያ ውስጥ 18 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ፣ ማዳጋስካር ውስጥ ደግሞ ከዚያም እጅግ የሚረዝም ዋሻ ተለክቷል። እንግዲህ አሥር ገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ደገመ ማለት አሥር ምንጭ ተገኘ ማለት አይደለም። ለልጆቹ የሚሰጣቸው ሥራ «ይህን መጀመሪያ ያለው ማነው? ማን ለካው? መቼ?» የሚል ይሁን። የሶፍ ዑመር ክብር በኪሎ ሜትር አይቀንስም፤ ሼኽ ሶፍ ዑመርን ለመዘየር የሚመጣው ሰው ሜትር ይዞ አይመጣም።

ወደ ፎቶው እንምጣ። ፎቶ ላመጣ ልጅ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ቦታው የት ነው፣ ማዕድኑ ምን ይባላል፣ መጠኑን የሚያሳይ ሰው ወይም ዕቃ አብሮ አለ ወይ? ሐምራዊው ክሪስታል አሜቲስት ነው። ብራዚልና ኡራጓይ ውስጥ በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ባሉ ጉድጓዶች ተደርድሮ ይገኛል። አዳራሽ የሚያክል ሐምራዊ ዋሻ የቦታ ስም ሳይኖረው ከቀረበ ግን ይጠርጠር። ከጎኑ የናይካን ፎቶ ያስቀምጡ። ሜክሲኮ፣ ቺዋዋ ግዛት ውስጥ በማዕድን ማውጫ ሥር 300 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ በ2000 እ.ኤ.አ. ቆፋሪዎች ያገኙት ዋሻ ነው፤ 11 ሜትር ያህል የሚረዝሙ ነጭ ምሰሶዎች ተጋድመውበታል፣ ብርቱካናማ ልብስ የለበሱ ሰዎች ከሥራቸው ጉንዳን መስለው ይታያሉ። ፈጠራ የሚመስለው ይሄኛው እውነት ነው። ሙቀቱ 58 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ እርጥበቱ ከ90 በመቶ በላይ ስለነበር ያለ ልዩ ልብስ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆዩበትም። የውሃ መሳቢያው ሥራ ካቆመ ወዲህ ዋሻው ዳግም በውሃ ተሞልቷል። ምሰሶዎቹ ከምን ተሠሩ ቢሉ፣ ከጂፕሰም፤ አቼቶ ሲነካው ዝም ካለው የኮርኒስ ቁራጭ ጋር አንድ ዓይነት ማዕድን ነው። ይህን ልጆቹ ራሳቸው እንዲያገኙት ይተዉላቸው።

ክሪስታሎቹ ለምን ያን ያህል አደጉ የሚለውን በሽብ ማሳየት ይቻላል። ገበያ የሚሸጠውን ሽብ ፈጭተው 100 ግራም ይመዝኑ፣ እጅ በማይችለው ግን ባልፈላ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ያሟሙት፣ በነጭ ጨርቅ ያጥሉትና በሁለት ጠርሙስ እኩል ይክፈሉት። አንዱ በቀዝቃዛ ውሃ ሳህን ውስጥ ይቁም፤ ሌላው በጋቢ ተጠቅልሎ ማንም በማይነካው ቁምሳጥን ይደር። በማግስቱ የመጀመሪያው ሥር ስኳር የመሰለ ደቃቅ፣ የሁለተኛው ሥር ስምንት ገጽ ያላቸው ትላልቅ ቁርጥራጮች ይገኛሉ። ዝግ ብሎ የቀዘቀዘው ተለቀ፤ ናይካም ውሃው ሙቀቱን ሳይለውጥ እጅግ ረጅም ዘመን ስለቆየ ነው። ሌሎች መመሪያዎች 75 ግራም ይላሉ፣ የድሬ ሙቀት ላይ ግን ብዙው ሽብ ሟሙቶ ስለሚቀር አይበቃም። ጠርሙሱን በየሰዓቱ እያነሱ የሚያዩ ልጆች ካሉ ትልቁም ደቃቅ ይሆናል።

በጨው ተመሳሳዩን ሊሞክሩ የሚሹ ይኖራሉ። ጨው በሙቅም በቀዝቃዛም ውሃ የሚሟሟው መጠን ተቀራራቢ ነው፣ በ100 ሚሊ ሊትር 36 ግራም ገደማ፤ ስለዚህ በማቀዝቀዝ አይወጣም። በዝርግ ሳህን ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ግን በጥቂት ቀን ባለ አራት ማዕዘን ኩብ ሆኖ ይጋገራል። የአፋር ጨው ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ላይ የተጋገረው በዚሁ መንገድ፣ በትነት ነው።

የወሎውን ኦፓል የሚያነሳ ልጅ ካለ፣ ኦፓል ክሪስታል አለመሆኑንና ወሎ ውስጥ ደላንታ የሚገኘው ውሃ እየመጠጠ መልኩን እንደሚቀይር ይንገሩት፤ የእናቱን ቀለበት ግን ውሃ ውስጥ እንዳይነክር ያስጠንቅቁት፣ ሲደርቅ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ዋሻ መውሰዱን በተመለከተ ወላጆቹ እውነት አላቸው፤ ለዚህ ጥናትም የግድ አያስፈልግም። ከከተማው አጠገብ ያለው ፖርክ ኤፒክ የተባለ ዋሻ በ1933 እ.ኤ.አ. ተቆፍሮ የጥንት ሰው መንጋጋ የተገኘበት፣ ከ4,000 የሚበልጥ፣ በአጠቃላይ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቀይና ቢጫ አፈር ድንጋይ ስብርባሪ የወጣበት የምርምር ቦታ ነው። ያ ድንጋይ ቀለሙን ያገኘው ከብረት ነው፣ ስለዚህ ለማዕድን ጥናትዎ ይገባል፤ ግን በንባብ ይግባ። መሄድ ካለብዎ ከባህልና ቱሪዝም ቢሮ ፈቃድና አስጎብኚ ይዘው፣ ስምንት ስምንት ልጅ በሁለት አዋቂ፣ በበጋ ይሁን፤ በ1998 ዓ.ም. የደረሰውን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ለድሬ ሰው መንገር አያሻም። ከአዋጅ ቁጥር 209/1992 ወዲህ ቅርስ ያለበትን ቦታ ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው፤ ጠጠርም ቢሆን ኪስ ውስጥ አይግባ። የሌሊት ወፍ ያለበት ጨለማ ዋሻ ውስጥ ልጅ ጨርሶ አይግባ። ኬንያ፣ ኤልገን ተራራ ላይ ዝሆኖች ሌሊት ገብተው ጨው ያለውን ግድግዳ በጥርሳቸው የሚፍቁበት ኪቱም የሚባል ዋሻ አለ፤ ልጆች ታሪኩን ይወዱታል። በ1980 እና በ1987 እ.ኤ.አ. የሌሊት ወፍ በሚያስተላልፈው በማርበርግ ቫይረስ የሞቱ ሁለት ሰዎች ከመታመማቸው በፊት ጎብኝተውት እንደነበር አብረው ይንገሯቸው።

ለነጥብ አሰጣጡ ከ20 ስምንቱን «ያየሁት» ለሚለው ዓምድ፣ ስድስቱን ምንጭ ለማመሳከር፣ አራቱን ያልሠራ ሙከራ ለምን እንዳልሠራ ላብራራ፣ ሁለቱን ለጽዳትና ለአጻጻፍ ያድርጉት። ለሥዕልና ለሽፋን ጌጥ ነጥብ ከመደቡ ጌጡ ብቻ ይመጣል። ከሙከራው የተረፈውን ጥርት ያለ የኖራ ውሃ በብዙ ውሃ አቅጥነው ማፍሰስ ይችላሉ፤ ዝቃጩን ግን አድርቀው ከቆሻሻ ጋር ይጣሉት እንጂ ቧንቧ ውስጥ አይድፉት፣ ይደፍናል።